አውድማው ላይ የቀረው እርምጃ

አባዬ፣

ከተለየኸኝ አራት ዓመት ሆነ። እኔ እንዳለሁ አለሁ፤ ግን ደክሞኛል። የካዛንቺሱ ቤታችን ፈረሰ። ክፍለ ከተማ ስመላለስ፣ «ነገ ነይ» ሲሉኝ ከርመው፣ በስንት መከራ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ። የዕድራችን ሰው ተበትኗል፤ የቀበሩህ ሰዎች ዛሬ አንዱ የት፣ አንዱ የት።

ዕቃ ስሸክፍ ደብተርህን አገኘሁት፤ ያን በጣሊያን ጊዜ የተሠሩትን የጦር አውሮፕላን ማረፊያዎች የምትመዘግብበትን። እሑድ ከኡራኤል ስንወጣ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ እነሱን ፍለጋ በሚኒባስ ከከተማ ውጭ ትወስደኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያርፍ እኛ ጭቃ ስናቦካ! የጂኦግራፊ አስተማሪ ልጅ መሆን ዕዳ ነው እያልኩ አጉረመርም ነበር። ገበሬዎቹ አውሮፕላን የት ያርፍ እንደነበር ስትጠይቃቸው፣ መሬታቸውን ልትወስድ የመጣህ እየመሰላቸው አናውቅም ይሉሃል። በኋላ ዘዴ አገኘህ፤ አውድማችሁ የት ነው ማለት ጀመርክ። ጣሊያን የጠቀጠቀው መሬት ለማረሻ እምቢ ስለሚል ጤፋቸውን የሚወቁት እዚያ ነበር። ስታገኘው ደስታህ ለእኔም ይተርፍ ነበር፤ ያኔ አልነገርኩህም እንጂ።

የመጨረሻው ሜዳ ግን ይቆጨኛል። ዳር ላይ ከቆመው ዋርካ ተነስተህ የማረፊያውን ርዝመት በእርምጃ ስትለካ፣ እኔ ጫማዬ ነክሶኝ እንመለስ ብዬ አለቀስኩ። አልተቆጣኸኝም። «ስድስት መቶ አሥር፤ የቀረው ሌላ ጊዜ» ብለህ ጻፍክ። ከዚያ የእኔ ፈተና መጣ፣ ከዚያ ሥራዬ፣ ከዚያ የአንተ ኩላሊት። ሌላ ጊዜ ሳይመጣ ቀረ።

አዲሱ ሰፈር በገባሁ በሳምንቱ የግቢያችን ጥበቃ፣ ድሮ እዚያው ያርሱ የነበሩ አባት፣ ቦታው አውድማቸው እንደነበር አጫወቱኝ። መሬቱ ደርቆ መሠረት ቆፋሪዎቹን አበሳ አሳይቷቸዋል አሉ። ደብተርህን ይዤ ወረድኩ። ደብተሩ ላይ የሳልከው ዋርካ አጥሩ ጥግ ቆሟል።

ከዋርካው ተነስቼ፣ እንደ አንተ ሰፋ አድርጌ እየተራመድኩ ቆጠርኩ። ስድስት መቶ አሥረኛው እርምጃ የእኔ ብሎክ ደረጃ ሥር ወደቀ። እንመለስ ያልኩህ ቦታ ላይ ነው የምኖረው፣ አባዬ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ቀጠልኩ። ከደረጃው ሁለት መቶ አርባኛው እርምጃ ላይ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ፤ ጠንካራው መሬት እዚያ አለቀ።

ከጽሑፍህ ሥር የቀረውን ቁጥር ጽፌልሃለሁ። ጠዋት ወደ ታክሲ የምሄደው በዚያው ነው፤ አንተን ሳላስብ አላልፈውም። ቢደክመኝም ከእንግዲህ ከመሃል አልመለስም።

ልጅህ