በሞዴል 19 ያልገቡት አርባ ሦስት ጥያቄዎች

ታኅሣሥ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ለክቡር አቶ ሽመክት
የገጠር ይዞታ መዝገብ ማዕከል የመረጃ ሥርዓት ቡድን መሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ በተለይም ጥያቄዎቹን ፍለጋ ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ካቢኔት ሥር ሲያጎነብስ የሰነበተው ወገብዎ ወደ ቀድሞው ደኅንነቱ እንዲመለስ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በማዕከሉ በጽሕፈት ሥራ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩ፣ በስብሰባ ላይ ድምፄ ተሰምቶ የማያውቅ ሠራተኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በውጭው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩትም ድፍረት አድሮብኝ ሳይሆን፣ በውስጥ ያቀረብኳቸው ሦስት ማመልከቻዎች እስከ ዛሬ «በመታየት ላይ» ስለሆኑና አላፊ አግዳሚው አብሮ ቢያያቸው ሥራው ይቀልልዎታል ብዬ ስላሰብኩ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ወይዘሮ ወለቴ የምዕራብ ዓባያ ገበሬ ናቸው። ባለቤታቸው ባለፈው ዓመት ሲያርፉ በኮምፒውተር ፕሮግራማችን ላይ «ሟች» ተብለው ተመዘገቡ፤ በዚያው ቅጽበት የእሳቸውም ስም ከባለቤታቸው ስም ጋር ከመዝገቡ ጠፋ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙዝ ያለሙበት መሬት በእኛ ኮምፒውተር ባለይዞታ የሌለው ሆነ። አሮጌው የይዞታ ደብተራቸው «በአዲስ ይተካል» ተብሎ በእኛው እጅ ከገባ ወዲህ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። የሟች ወንድም መሬቱ ለእርሱ እንዲሰጠው አመልክቷል፤ የቀበሌው ኮሚቴም የፊታችን ዓርብ ይወስናል። ኮሚቴው የሚያየው ከእኛ የሚላክለትን ወረቀት ነው፤ በወረቀቱ ላይ ደግሞ ወይዘሮ ወለቴ የሉም።

የኮምፒውተር ባለሙያችን ማራኪ ወደ ሐዋሳ ከመዛወሯ በፊት እንዲህ ያለው ጉድለት እንደሚመጣ ጠርጥራ ጥያቄዎች ትታልን ሄዳለች። እነዚህ ለሰው የሚቀርቡ ጥያቄዎች አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው አጭር ፋይል ሲሆኑ የፕሮግራሙን ኮድ እየመረመሩ ስሕተት ያለበትን መስመር ያወጣሉ። እንግዲህ የሚያስፈልገው ጥያቄዎቹ የት እንዳሉ ማወቅና ማስኬድ ብቻ ነበር። ቅሬታዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፦ ጥያቄዎቹን ባነሣሁ ጊዜ ወደ ንብረት ክፍል ስለመሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ደግፌ መዝገባቸውን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ገልጠው፣ ማራኪ ጥያቄዎቹን በንብረት መረከቢያው ቅጽ በሞዴል 19 እንዳላስገባች፣ በሞዴል 19 ያልገባ ነገርም በግቢው ውስጥ እንደሌለ አረጋገጡልኝ። «እኔንም በሞዴል 19 የተረከበኝ የለም እቱ፤ አንዳንድ ቀን መኖሬን እጠራጠራለሁ» ብለው ሳቁ። እርስዎ ግን አልሳቁም። «በመዝገብ ያልተረጋገጡ» ብለው ፈረሙበት፤ በዚህም በዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይል በእስክሪብቶ የሚጠፋበትን መንገድ በዞናችን የመጀመሪያው አስተማሪ ሆነዋል።

ሁለተኛ፦ ሦስት አባላት ያሉት የአፈላላጊ ኮሚቴ ስላቋቋሙ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ካቢኔቶቹን፣ የደረጃውን ሥር፣ የጥበቃውን ክፍልና የተሰበሩ ወንበሮች የተከመሩበትን መጋዘን ከፈተሸ በኋላ፣ ሐሳቡን ለማደራጀት ዓባያ ሐይቅ ዳር ዓሣ ከሚጠበስበት ስፍራ ሙሉ ቀን ተሰብስቦ ውሏል። ጥያቄዎቹ እዚያም አልተገኙም። ኮሚቴው ያልደረሰበት አንድ ቦታ ቢኖር ኮምፒውተሩ ነው፤ እርሱንም ቢሆን አቧራውን ጠርገው ከሥሩ አይተዋል።

ሦስተኛ፦ እኔ ኮሌጅ አልገባሁም። ያለኝ ዕውቀት ማተሚያው አበላሽቶ ከጣላቸው ወረቀቶች ጀርባና ማራኪ ጽፋ ከተወችው ሦስት ገጽ ያገኘሁት ነው፤ ከሦስቱም አንዱ ገጽ እኩሌታው ተቀድዷል። የተቀደደው ደግሞ ጥያቄዎቹን የሚያፈላልገው ትእዛዝ የሚያበቃበት ነበር። ነገር ግን በተረፈው ላይ «የማታውቂውን ራሱን ጠይቂው» የሚል ስለነበረበት፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ ጥያቄዎቹን የሚያስኬደውን የኮምፒውተር መሣሪያ ስም ጻፍኩና ከጎኑ «እርዳታ» የሚለውን ቃል ጨመርኩ። መሣሪያውም ምን ምን ማድረግ እንደሚችልና እያንዳንዱ ትእዛዝ እንዴት እንደሚጻፍ አንድ በአንድ ዘረዘረልኝ። እርዳታ ሲጠየቅ «ነገ ተመለሺ» የማይል ባልደረባ በመሥሪያ ቤታችን ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

ትእዛዙን በመጀመሪያ ስጽፈው በማራኪ ገጽ ላይ ያለውን የጥያቄዎቹን ማኅደር ስም ስላልሰጠሁት አላገኘሁም አለኝ፤ ስሙን ጨምሬ ደገምኩት። እርስዎ ወንበርዎን ስበው ከሚቀመጡበት ጊዜ ባነሰ ውስጥ አርባ ሦስት መስመር ወጣ፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ጥያቄ ከዲስኩ ስም አንሥቶ እስከ ፋይሉ ስም የሚገኝበትን ሙሉ አድራሻ የያዘ ነበር። የሠላሳ አንደኛውን ፋይል ከፍቼ ባነብበው፣ ማራኪ በአናቱ ላይ «የአንድ ባለይዞታ መዝገብ ሲዘጋ የተጋሪውን ስም አብሮ የሚሰርዝ የኮድ መስመር ይፈልጋል» ብላ በአማርኛ ጽፋበታለች።

ደስታዬን ላካፍልዎ ስጠራዎት መጥተው ስክሪኑን ጥቁር ሆኖ ቢያገኙት፣ «ማነው ኮምፒውተሩን ያቃጠለው?» ብለው ሶኬቱን ነቀሉት። ለመንግሥት ንብረት ያለዎትን ተቆርቋሪነት ያየሁበት ቀን ስለሆነ አልረሳውም። ትእዛዙን እንደገና ለመጻፍና ዝርዝሩን በወረቀት ለማተም የወሰደብኝ ሁለት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግዎትም፤ አልጠየቁምም።

አራተኛ፦ በማግሥቱ «ያልተፈቀደ ጥቁር መስኮት በመክፈትና በመዝገብ የሌለ ንብረት ይዞ በመገኘት» የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። የሌለ ተብሎ በፊርማ የጸደቀ ነገር ይዛ የተገኘች ሠራተኛ ከእኔ በፊት ያለች አይመስለኝም፤ ክብሩን በትሕትና እቀበላለሁ። ይሁንና እውነቱ እንዲታወቅ፦ እኔ የጻፍኩት ትእዛዝ ጥያቄዎቹ የት እንዳሉ ብቻ ይናገራል። አንድም ጥያቄ አያስኬድም፤ ከፕሮግራሙም አንዲት ፊደል አይነካም። ማስኬድ የእርስዎ ሥልጣን ስለሆነ አላስኬድኩም። ይህን አክብሮቴን እስከ ዓርብ ድረስ ልጠብቀው አስቤያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለማን ብዬ እንደማከብር አላውቅም።

አምስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። ሠላሳ አንደኛውን ጥያቄ ያስኪዱት። ስሕተቱን ካወጣው በአንዲት ገጽ ደብዳቤ «የወይዘሮ ወለቴ ስም የጠፋው በፕሮግራማችን ጉድለት ነው» ብለው ለቀበሌው ኮሚቴ ይጻፉ። ካላወጣው እኔ ተሳስቻለሁና ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ይስጡኝ፤ ራሴው እተይበዋለሁ፣ እጄ ፈጣን ነው። ባለቤታቸውን ቀብረው ስማቸውም የተቀበረባቸው ሌሎች ስንት ሴቶች እንዳሉ እኔ አላውቅም። እርስዎም አያውቁም። በመካከላችን ያለው ልዩነት እኔ ለማወቅ መፈለጌ ነው።

የአርባ ሦስቱን ጥያቄዎች አድራሻ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ለጥፌያለሁ፤ ኮሚቴዎ ዳግም ዓባያ ድረስ እንዳይደክም።

ለአለቆችዎ ታዛዥ፣ ለወንበርዎ ታማኝ፣ ለባለጉዳይም የማይቸኩሉ ሆነው ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ በተሰጠኝ ማስጠንቀቂያ ልክ ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት እገልጻለሁ።

ሻሺቱ ዳልጮ
ጸሐፊ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በዝርዝሩ ላይ ዐሥራ ሁለተኛው ጥያቄ የይለፍ ቃል በግልጽ የተጻፈበትን ቦታ የሚፈልግ ነው። እርሱን ማስኬድ አያስፈልግዎትም። መዝገቡን ለማስተካከል የሚገቡበት ቃል በስክሪንዎ ጠርዝ ላይ በለጠፏት ቢጫ ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ስለተጻፈ ከመስኮቱ ውጭ ይነበባል። ባለጉዳዮች የሚቀመጡባት አግዳሚ ወንበር በመስኮቱ ትይዩ ናት፤ ወይዘሮ ወለቴም ሦስት ወር ተመላልሰው ተቀምጠውባታል። ማንበብ በቤተ ክርስቲያናቸው በሚገባ ተምረዋል። ባለፈው ሳምንት «ያቺ ወረቀት ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ ምን እንደሆነና ምን እንደሚከፍት ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ «ታዲያ ይሸፍኑት እንጂ። ክፉ ሰው ገብቶ የሰው መዝገብ ቢያበላሽባቸውስ?» አሉ።