የጋሼ ሰይፉ የጊታር ድምፅ

ሰኞ፣ ነሐሴ

አልሆነም። ጋኑም አልሆነም።

እማዬ ጠላ የምትጠምቅበትን ባዶ ጋን ከጓዳ አንከባልዬ አወጣሁና የማጉያውን ድምፅ ማውጫ አፉ ላይ ገጠምኩት። ያስተጋባል ብዬ ነበር። ማስተጋባቱንስ አስተጋባ፤ ግን ጉንፋን የያዘው ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሲያስል ነው የሚመስለው። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ትንሽ አየችኝና፣ «የኔ ልጅ፣ ጋኑ ምን አደረገሽ?» ብላ ሄደች።

የኪነት ቡድኑ ጊታር እኔ ዘንድ ያለው የአዳራሹ ጣሪያ ስለሚያፈስ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ተማሪዎቼም እርሻ ላይ ናቸው። ፍልሰታም ስለተፈታ አባባ «በጾም!» አይሉኝም። ልለማመድ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ጓድ በላይ መንገድ ላይ አገኘኝ። የኪነቱ ኃላፊ እሱ ነው። ዓርብ ግምገማ አለ። ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል የሚቀርብ ደህና ነገር ካላሰማሁ ጊታሩ ወደ ወረኢሉ ይዛወራል። «እዚያ የሚችል ሰው አለ፤ እዚህ አቧራ እየጠጣ ነው» አለኝ። በነሐሴ አቧራ! መካነ ሰላም ላይ! እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነው የሰማሁት።

የሰልፍ ማርሽ መጫወት እችላለሁ። እሱ ይበቃው ይሆናል። እኔ የምፈልገው ግን ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሰይፉ ደሴ ላይ ይጫወት የነበረውን ነው።

ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ እሱ ጋ ነበር የምኖረው። ሆቴል ውስጥ በሚጫወት ባንድ ሊድ ጊታሪስት ነበር። ዘፋኝ የሌላቸውን የፈረንጅ ባንዶች እያዳመጡ ይለማመዱ ነበር፤ ሦስት ጊታርና አንድ ድራም፣ አፉን የሚከፍት ሰው የለም። ዘፋኙ ጊታሩ ነው። እኔ ጥግ ይዤ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ እሰማዋለሁ። ድምፁ ጥርት ያለ፣ እርጥብ ነገር ነበር፤ መጨረሻው ላይ ይንቀጠቀጥና ሳይጠፋ ይርቃል። ከዚያ ወዲህ የትም ሰምቼው አላውቅም።

ጋሼ ሰይፉ ከግንባር የተመለሰው አምና ነው። ግራ እጁ ላይ የቀሩት አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ብቻ ናቸው። እጁን ከጋቢው ውስጥ አያወጣም። ጊታሩ የት እንደደረሰ አልተናገረም፤ ማንም አልጠየቀውም።

እኔ መጫወት ስጀምር ተነስቶ ይወጣል። ዛሬም ዝናቡ ውስጥ ወጣ።

ማክሰኞ

ዑመር መጣ! ድራም የሚመታልን እሱ ነው፤ ገበያው ጥግ ሬዲዮ ይጠግናል። በብብቱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ፈታው። ረጅም ቀጭን ስፕሪንግ፤ ግራና ቀኙ ላይ ከተሰበረ ሬዲዮ የወጡ ትንንሽ ድምፅ ማውጫዎች ታስረውበታል። አንዱ ጫፍ ድምፁን ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል፤ መሀል ላይ ሲንቀጠቀጥ ኢኮ ይፈጠራል አለኝ።

ለማጉያው የሚሆነው ባትሪ ድንጋይ ደክሟል። ፀሐይ ላይ እንዳላሰጣው ፀሐይ የለችም፤ ምድጃ ዳር አሞቅሁት። ገጠምነው። መታሁት።

መጣ! ያ ርጥበት መጣ! ዑመርና እኔ ተያየን።

ከዚያ ዑመር በጉልበቱ ጠረጴዛውን ነካው፤ ስፕሪንጉ ተወዛወዘና ቤቱ ውስጥ መብረቅ የወረደ መሰለ። አባባ ከቤተ ክርስቲያን እየገቡ ነበር። ጥምጥማቸውን ይዘው «በስመ አብ!» ብለው ወደ ኋላ ተመለሱ። ዑመር መሬት ሊውጠው ደረሰ፤ «አፉ ይበሉኝ አባ፣ ወላሂ መብረቅ አይደለም» እያለ ነው።

ኋላ አባባ ተቀምጠው ሰሙ። «ቃል የለውም እንዴ?» አሉ። የለውም አልኳቸው። አሰቡና «ዋሽንትስ መቼ ቃል አለው፤ ያስለቅስ የለም?» ብለው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። ከቄስ አባት ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ግን ልቤ አልሞላም። ኢኮው አለ። ቀጭኑን ድምፅ ጨመርኩ፣ ወፍራሙን ቀነስኩ። ክሮቹን የሚያረግበውን የጊታሩን የብረት እጀታ ስጫነው ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ እንደሰከረ ሰው ግን ነው የሚንቀጠቀጠው። የጋሼ ሰይፉ እንደዚያ አልነበረም። «አብሽሪ» አለኝ ዑመር ሲወጣ፤ «ኢኮ ነው፤ ሄዶ መመለሱ አይቀርም።»

ረቡዕ

ዛሬ ጋሼ ሰይፉ አልወጣም። በሩ ላይ ቆመ። ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር፤ መቆሙን ያወቅሁት ብርሃኑ ሲቀንስ ነው። መምታቴን አላቆምኩም።

«ሽሮ እያማሰልሽ ነው እንዴ?»

ስለ ጊታር የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው! ልስቅ ነው ላለቅስ ሳላውቅ ዞር ስል ሄዷል። ጊታሩን አስቀምጬ ያለ ጫማ ተከተልኩት። አጥሩ ጋ ደረስኩበት።

«እንዴት ልምታው ታዲያ?» አልኩት።

«እኔን ተይኝ የሺ። ያ እጅ ግንባር ቀርቷል።»

እኔም አፌ አያርፍም፣ «የቀረው ግራው ነው። ቀኙ አለ» አልኩት።

አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጋቢውን እስከ አፉ ስቦ ቁልቁል ወደ ወንዙ መንገድ ሄደ፤ ጭጋጉ ወዲያው ዋጠው።

ለምሳ አልመጣም። ምን አባቴ አናገረኝ? አባባ «ይመጣል፤ ሰው ሲቆስል መሄጃው ብዙ ነው» አሉኝ። እማዬ ወጡን ሁለቴ አሞቀችው።

ሲመሽ መጣ። በላ። ተኛ።

ሐሙስ

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት ዝናቡ አባራ። ጊታሩን ታቅፌ ተቀምጬ ነበር፤ አልተጫወትኩም። ጋሼ ሰይፉ ዱካ ይዞ መጣና በቀኜ በኩል አስጠግቶ ተቀመጠ። ትከሻው ትከሻዬን ነካው። ወደ ምድጃው እያየ፣

«ግራሽ እዚያው ይሁን። ቀኝሽን ተይልኝ» አለ።

ቀኝ እጄን አነሳሁ። እሱ ቀኝ ክንዱን በደረቴ ፊት አሳልፎ መምቻውን ከጣቴ ወሰደ። ክሩን ያዝኩለት። መታው።

እሱ ነው። ደሴ የሰማሁት ነው!

ለካ ጋኑም ስፕሪንጉም አጃቢ ናቸው። ድምፁ ያለው የወንድሜ ቀኝ እጅ ውስጥ ነው። ክሩን መሀል ላይ አይመታውም፤ ክሩ የታሰረበት ብረት አጠገብ፣ አጭር አድርጎ፣ ቆንጠር እንደማድረግ ነው። መታ ሲያደርግ ትንሿ ጣቱ እጀታውን ይዛለች፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ ብሎ ጫን፣ ለቀቅ ያደርጋታል። ድምፁም ይንቀጠቀጣል፤ ይርቃል።

እንባዬ ጊታሩ ላይ ተንጠባጠበ። ላቆም ስል «አታቁሚ!» አለኝ። አላቆምኩም።

እንዴት ያለ መከራ ነው! እኔ ጣቴን ሳልቀይር እሱ ይመታል፤ እሱ ሲጠብቀኝ እኔ አልፌዋለሁ። ክርናችን ይጋጫል። ሳቅን። አዎ፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ የሚያግባባን ነገር አገኘ፤ ግራ እጁን ከጋቢው አወጣና ጀርባዬ ላይ አሳረፈው። በሁለቱ ጣቶቹ ትከሻዬ ላይ ምቱን ይቆጥርልኛል። ያ እጅ እሱ ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ቀርቦኝ አያውቅም። ይሞቃል።

እማዬ ከጓዳው በር ሆና ታየን ነበር። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች። አልገባችም።

«ነገ ግምገማ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» ስለው መምቻውን መለሰልኝና ዱካውን ይዞ ተነሳ።

ዓርብ

ሄደ። ጢሙን ተላጭቶ ሄደ።

አዳራሹ ያፈሳል፤ ጣሳ ደርድረዋል። ጄኔሬተሩ ከውጭ ያጓራል። ሁለታችን አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን ስንቀመጥ ጓድ በላይ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና «አንድ ጊታር ለሁለት? ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» አለ። ዑመር ስፕሪንጉን እንዳይነቃነቅ ጭኑ ላይ አስተኝቶ ይዞታል፤ ድራሙን በእግሩ ብቻ ሊመታ ነው። «የኅብረት ሥራ ነው፣ ጓድ» አለው። ሳቄን በግድ ዋጥኩት።

ጀመርን። የጋሼ ሰይፉ ላብ ይሸተኛል። አንድ ቦታ ላይ ጣቴ ጠፋብኝ። እጁ አየር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ አገኘሁትና አብረን ወረድን። ከሁለት ሰዎች በቀር ያወቀብን ያለ አይመስለኝም፤ ሁለቱም እኛ ነን።

ጨረስን።

ጓድ በላይ «ግጥም የለውም» አለ። «መልእክቱ ምንድን ነው?»

ዑመር ጣሪያውን አየ። ጋሼ ሰይፉ ተነሳ። ጋቢውን አልያዘም፤ ግራ እጁ እንዲሁ በግልጽ ተንጠልጥሏል።

«ከግንባር የተመለሰ ሰው ነው፣ ጓድ» አለ። «ቃል የለውም።»

ጓድ በላይ እጁን አየ። ብዙ አየው። እሱም ግንባር የዘመተ ወንድም እንዳለው፣ ወሬውም እንደጠፋ ከተማው ያውቃል። ከዚያ ወደ ጣሳዎቹ ዞሮ፣ «መስከረም ሁለት ትጫወታላችሁ» አለ። «የወረኢሉን ነገር ከበዓሉ በኋላ እንነጋገራለን።»

እሺ ማለት ነው? እንጃ። ጊታሩን ግን ይዘን ተመለስን። የተሸከመው ጋሼ ሰይፉ ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት የቀሰቀሰኝ ጋሼ ሰይፉ ነው። ዱካውን አስቀምጦ፣ የባትሪ ድንጋዮቹን ምድጃ ዳር አሙቆ ይጠብቀኛል። ፊቴን እንኳን አልታጠብኩም።

እንደጀመርን ዜማው የሚዞርበት ሁለተኛው መመለሻ ላይ ዘገየሁ። «የሺ!» ድጋሚ ዘገየሁ። ይኼኔ መምቻውን ጣለና ጮኸብኝ። ጆሮ የለሽም እንዴ፣ ማሲንቆ መሰለሽ እንዴ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ልታዋርጅኝ ነው እንዴ! ደሴ ሳለ ባንዱን እንዲህ ነበር የሚያንቀጠቅጠው። ግንባሩ ላይ የድሮው ደም ሥር ሳይቀር ተወጠረ። ከዘመቻ ከተመለሰ እንዲህ ተቆጥቶ አያውቅም።

እማዬ ከጓዳ «ኧረ ያረቢ! በጠዋቱ ምን ነካው ይኼ ልጅ?» ብላ ወጣች። አባባ ከመደቡ ሳይነሱ፣ ዓይናቸውን ከዳዊታቸው ሳያነሱ፣ «ተዪው» አሏት። «ይቆጣ። ተዪው፣ ይቆጣ።» ድምፃቸው ልክ አልነበረም።

ጎንበስ ብዬ መምቻውን አነሳሁለት። ፈገግታዬን እንዳያየው ክሩን የማስተካክል መሰልኩ። ጣቶቼ ተልጠዋል። ያንን መመለሻ አሁንም አልቻልኩትም፤ ከምሳ በኋላ እንደገና ሊጮህብኝ ነው።