የኦርሲናን ሁለት ጎን የያዘው ነሐስ እንዲቀልጥ

ለተከበሩ የማንቱዋ ከተማ ዋና ዳኛ
የካቲት 12 ቀን፣ በጌታ ዘመን 1481

ጉዳዩ፦ የወንድሜ ልጅ መሳለቂያ የሆነችበት ሜዳሊያ እንዲሰበሰብልኝ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

1. እኔ አመልካች ታዴያ፣ የሟች ጨርቅ ነጋዴ ሚስት፣ እናት አባት የሌላት የወንድሜ ልጅ የኦርሲና አሳዳጊ ነኝ። ኦርሲና በሕፃንነቷ ምድጃ ላይ ወድቃ ቀኝ ጉንጯ ተቃጥሏል። ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል።

2. ላንፍራንኮ የተባለ የሌላ ሠፈር ሰው ለንግድ ቬኒስ ሳለ፣ እናቱ ኦርሲናን አጨችለት። እንደ ወጉ መልኳን በነሐስ ሜዳሊያ አስቀርጸን ላክንለት። በሜዳሊያ ላይ ፊት መቼም የሚቀረጸው ከአንድ ጎን ነው፤ ግራ ጉንጯን ብቻ አየ። ስለ ቀኙ ልጻፍለት ብል እናቱ፣ «ተዪው ታዴያ፣ ልጄ ጉንጭ አይደለም የሚያገባው» አለችኝ።

3. መጥቶ ሲያያት በሰው ፊት፣ «እማዬ፣ ግማሿን ነው እንዴ የላካችሁልኝ?» ብሎ ጥሏት ሄደ። በዚህ በበቃው! ቀራጩ ማስትሮ ቤልትራሞ ያኔ በሰም ሲሠራት፣ «ልጄ፣ በዚያም ዙሪልኝ፤ ለእጄ ማፍታቻ ነው፣ ማንም አያየውም» ብሏት አምናው ዞራ ነበር። ያንን ሰም ለላንፍራንኮ አሳልፎ ሰጠው፤ በእሱም ትእዛዝ በነሐስ አባዛው። አሁን በፊቱ ደህናው፣ በጀርባው የተቃጠለው ጎኗ ያለበት ሜዳሊያ ስሟ ተጽፎበት ከተማውን ሞልቶታል።

4. በየወይን ቤቱ ማን እንደሚከፍል የሚለዩት እሷን ወደ ላይ ወርውረው ነው። «ሙሽራ ወይስ ጠባሳ?» ይባባላሉ። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ አንዱ፣ «ኦርሲና፣ ትናንት ባንቺ ጦስ ኪሴ ተራቆተ፤ ምናለ በዚያኛው ጎን ብትወድቂልኝ!» አላት።

5. ላንፍራንኮ «ምን ዋሸሁ? ፊቷ አይደለም?» ይላል። ፊቷ ነው፤ ሐሰት ነው ብዬ አልከስም። ነገር ግን ሐሙስ የቤቱን መሠረት ሲጥል ሜዳሊያውን ከድንጋዩ ሥር ሊቀብረው ነው። ሌላው ሰው ከመሠረቱ ሥር የራሱን መልክ የያዘ ሜዳሊያ ያኖራል፤ እሱ ግን «ቤቱ ሲፈርስ የሚያገኙትም ይሳቁ» ብሏል።

6. ስለዚህ ላንፍራንኮና ቤልትራሞ ሰሙንና ነሐሱ የሚፈስበትን ቅርጽ በፊትዎ እንዲሰብሩ፣ ሜዳሊያው ተሰብስቦ እንዲቀልጥ፣ ከመሠረቱም ሥር እንዳይገባ እንዲታገድልኝ አመለክታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የጎረቤታችንን ልጅ፣ አንካሳዋን ኒኮሎሳን፣ ክንዷን ይዛ ቤተ ክርስቲያን የምታደርሳት ኦርሲና ነበረች። ትናንት ግን በመስኮት ብቅ ብላ፣ «አንቺ ዳክዬ! አንቺንማ ቢቀርጹሽ ሜዳሊያው ራሱ ያነክስ ነበር» ስትላት ሰማሁ። ኒኮሎሳ አለቀሰች። ኦርሲና ሳቀች።

ፍርድዎ ይፍጠንልኝ፤ የማተርፋት ልጅ ሳለችኝ።

ከትሕትና ሰላምታ ጋር
ታዴያ