የስታሜናን ድምፅ ያስተኛው ቁጥር

ለክቡር አቶ ቦጎሚል ቫርቤኖቭ
የብሮዶቮ ከተማ ባህል ቤት ዳይሬክተር

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናን፣ በተለይም ከአምስት ሰከንድ የሚረዝም እንቅልፍን እመኛለሁ። እኔ በሐምሌ የሞተችው የዘፋኟ የስታሜና ባል፣ አናጢው ራድኮ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያነበው በግልጽ የጻፍኩልዎት፣ ቢሮዎ ማመልከቻዎቼን ለማንበብ መብራት ማባከን ስላልፈለገ ነው።

አንደኛ፣ ለኃይል ቁጠባ ስላሳዩት ትጋት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ስታሜናና የአካባቢያችን ሴቶች የዘፈኑት ሁሉ የተቀመጠበት ሃርድ ዲስክ ያለ ሥራ እንዳይሽከረከር ብለው፣ ቴክኒሻኑ ኮስታዲን በጥቁሩ ስክሪን ላይ የማስተኛ ትእዛዝ እንዲጽፍ አደረጉ፤ ዲስኩ ሥራ ከፈታ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚተኛ የሚወስነው ቁጥርም አንድ ይሁን አሉ። እርስዎ አንድ ሰዓት መስሎዎት ነበር፤ ለማሽኑ ግን አንድ ማለት አምስት ሰከንድ ነው። እዚያው መስኮት እየጠገንኩ ስለነበር ሰምቻለሁ፤ ኮስታዲን «ኧረ ጌታዬ፣ እንዲህ ሲተኛ ሲነሳ ይሞታል!» ቢልዎ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የታዘዝከውን ጻፍ! ደመወዝህን የምከፍልህ እኔ ነኝ ወይስ ዲስኩ?» ብለው መለሱለት። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ትእዛዙን እንደሚረሳ ሲነግርዎት ደግሞ፣ በተነሳ ቁጥር ራሱን እንዲያዝዝ አስጻፉት።

ሁለተኛ፣ ለሽልማትዎ እንኳን ደስ አለዎት። መግቢያው ላይ የሰቀሉትን የኃይል ቆጣቢነት ምስክር ወረቀት የሚጠብቀው ካሜራ፣ ምስሉን የሚያስቀምጠው እዚያው ዲስክ ላይ ነበር። ስለዚህ በበሩ ያለፈ ሁሉ የተኛውን ዲስክ ሲቀሰቅስ፣ የእርስዎ ትእዛዝ መልሶ ሲያስተኛው የበረዶው ወራትም ጸደዩም አለፈ። የዘፈኖቹ ቅጂ የነበረበትንም ሁለተኛ ዲስክ መብራት ይበላል ብለው አስነቅለው፣ ይዘቱን አስጠፍተው የሽልማቱን ድግስ ፎቶዎች ጫኑበት።

ሦስተኛ፣ በአርባዋ የተቀቀለ ስንዴ ይዘን መቃብሯ ላይ ቆመን፣ ኮስታዲን ዘፈኗን እስኪያመጣልን ጠበቅን። ባዶ እጁን መጣ። ዲስኩን ሶፊያ ከተማ ወስደን አስከፈትነው፤ ውስጡ ተፋፍቆ አልቋል አሉን። ክቡርነትዎ፣ ባህል ቤቱ ይዞልኛል ብዬ ሚስቴን አንድም ቀን ራሴ አልቀዳኋትም። ፊቷ በፎቶ አለ፤ ድምፅዋ ግን የትም የለም። ከጆሮዬም እየራቀ ነው፤ ያ ያስፈራኛል።

አራተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን ቁጠባን ከእርስዎ ተምሬያለሁ።

ባወረሱኝ ጸጥታ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎት አክባሪዎ፣
ራድኮ ዱሽኮቭ

ማሳሰቢያ፦ እንደ አገራችን ልማድ የስታሜናን የሞት ማስታወቂያ በቤታችን በር ላይ ለጥፌያለሁ። የድምፅዋን ግን የሞተው እርስዎ ዘንድ ስለሆነ፣ በባህል ቤቱ በር፣ ከምስክር ወረቀትዎ አጠገብ ለጠፍኩት። ቀድደው ሊጥሉት ቢፈልጉ አይሳቀቁ፤ ካሜራው ያየውን የሚያስቀምጥበት ዲስክ የለውም።