ከሁሉ መጨረሻ ያደረግኋት ደንበኛ

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፦

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም «ተሻለኝ» እያልሽ ትዋሺኛለሽ? እማዬስ እንዴት ናት፣ እንቅልፏ ተስተካከለ? ጋሼስ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ሥራም አለኝ። ደህና ነኝ የምልሽ ግን ስለ ሰውነቴ ነው፤ ሆዴ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ወድጄ አይደለም። በስልክ ከሆነ አንቺ ትስቂያለሽ፣ አንቺ ስትስቂ እኔም እስቃለሁ፣ ነገሩም ቀልድ ሆኖ ይቀራል። እንዲቀርልኝ ስላልፈለግሁ ብዕር አነሳሁ፤ ጽሕፈቴን እንዳትታዘቢኝ።

የምሠራበትን ቢሮ ነግሬሻለሁ፤ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለችው፣ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ዳቦ የምትሸተው። ለሰፈሩ ኢንተርኔት እናከፋፍላለን። አለቃችን፣ ቴክኒሻኑና እኔ ብቻ ነን። ቴክኒሻኑ ቀጭንም ስለሆነ፣ ውሎውም ከሽቦ ጋር ስለሆነ «ሽቦ» ነው የምንለው። የእኔ ሥራ ስልክ ማንሳት ነው። ሰው ተናዶ ይደውላል፤ እኔ «እሺ የኔ ጌታ፣ እሺ የኔ እመቤት፣ የኢንተርኔቱን ሳጥን አጥፍተው ያብሩት» እላለሁ፣ ስለ ልጆቻቸው እጠይቃለሁ፣ ተሳስቀን እንለያያለን። መስመሩ ቢስተካከልም ባይስተካከልም ሰዉ ይወደኛል። ይኸው መወደዴ ነው ያጠገበኝ።

ደንበኛ በዛ፤ መስመሩ ግን ያው ነው። ማታ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ሲከፍት ይጨናነቅና የሁሉም ይንቀራፈፋል። አለቃችን ሰፋ ያለ መስመር ለመግዛት አቅሙ የለንም፣ ለደንበኛው ተራ እናውጣለት አለ። አንደኛ ክሊኒኩና ሱቆቹ፣ ቀጥሎ በድምፅ የሚያወራ ሰው፣ ከዚያ ሌላው ሌላው፣ ፊልም የሚያይ ደግሞ መጨረሻ። የቸኮለው ይለፍ፣ የሚዝናናው ይጠብቅ፤ ፍርዱ ለእኔም ትክክል መሰለኝ። ሽቦ ማን ምን ያህል እንደሚወስድ ኮምፒዩተሩ ላይ ያያል እንጂ ሰዎቹን አያውቃቸውም። «አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፣ ንገሪኝ» ብሎ አጠገቡ አስቀመጠኝ። እኔም ሹመት እንዳገኘ ሰው ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ።

ከአንዱ ሱቅ በላይ የምትኖር ልብስ ሰፊ አለች። አይቻት አላውቅም ነበር፤ ደውላልንም አታውቅም፣ ብልሽት ሲኖር የምትደውልላት ከስር ያለችው ባለሱቅ ናት። ኮምፒዩተሩ ላይ ግን በየማታው ቪዲዮ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ መቼም ምላሴ አያርፍ፣ «ሲኒማ ቤቷ» ብዬ ስም አወጣሁላት። ሽቦ ስለ እሷ ሲጠይቀኝ «እሷንማ ከሁሉ መጨረሻ አድርጋት፣ ፊልሟን በትዕግሥት ትመልከት» አልኩት። ተሳሳቅን። አደረጋት። ከዚያ ወዲያ ባለሱቋ «ያቺ ሴትዮ መስመሯ ይቆማል» እያለች ስትደውል፣ በዚያ ማር በሚመስል ድምፄ «ሳጥኑን ታጥፋና ታብራ» እላትና እዘጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ሁለቱ አብረው መጡ። ባለሱቋን ስላወቅኳት ያችኛዋ ማን እንደሆነች ገባኝ። ገና በሩ ላይ ሳሉ ለሽቦ ጮክ ብዬ «ተነስ፣ የሲኒማ ቤቷ እመቤት መጡ!» አልኩት። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሴትየዋ ስንስቅ አየችና እሷም ፈገግ አለችልን። እትዬ፣ እንቅልፍ የነሳኝ ያ ፈገግታ ነው።

ባለሱቋ አልሳቀችም። የሴትየዋ ልጅ ሩቅ አገር እንዳለች፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ይዟት ማታ ከሆስፒታል ስትደውል ምስሉ ድርቅ ብሎ እንደቀረ ነገረችኝ። እኔም እንደ አዋቂ «ምስሉን ታጥፋና በድምፅ ብቻ ታውራ፤ ለድምፅ ቅድሚያ ሰጥተናል፣ ጥርት ይልላታል» አልኳት። ባለሱቋ ትክ ብላ አየችኝና «እመቤት፣ ይቺ ሴት ጆሮዋ አይሰማም። ልጇም እንደዚያው ናት። በእጃቸው ነው የሚያወሩት። ድምፁን ምን ታድርገው?» አለችኝ። ሽቦ ደንግጦ፣ ታዲያ ጽሑፍ ለምን አልተላላኩም ቢል፣ «ምጥ ላይ ያለች ሴት ምን ብላ ትጻፍልህ?» አለችው።

ኩምሽሽ አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሽቦ ኮምፒዩተሩ ላይ ተደፍቶ ተራዋን ወደ ላይ አወጣው፤ ሴትየዋም እዚያው በቢሮው መስመር ደወለች። ሁለቱም እጆቿ ስለሚያስፈልጓት ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ ከስቴፕለሩ ጋር አስደገፈችው። ልጅቷ ሕፃን ታቅፋ ብቅ አለች፤ ወልዳለች። አንድ እጇ ሕፃኑን ስለያዘ በቀረው ነበር የምትናገረው። ባለሱቋ የዘመናት ጎረቤት ስለሆነች ያንን ንግግር ታውቀዋለች፤ ምን አለቻት ብላት «ማታ ለምን ዝም አልሽኝ ነው የምትላት» አለችኝ።

ይቅርታ ልላት ብዬ በጩኸት «ይቅርታ!» አልኳት። ለማይሰማ ሰው ጮህኩ፣ እትዬ! እሷ ግን እንባዋን እየጠረገች ጉንጬን ሳመችኝ፤ መስመሯን ያስተካከልኩላት እኔ መስዬያት ነው።

ያ መሳም አላስቀምጥ አለኝ። ትናንት ከሥራ ስወጣ ባለሱቋን ለምኜ ወደ ቤቷ ወጣሁ። አንዲት ክፍል ናት፤ የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ስር፣ ክሩ በየቀለሙ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ የበሩን ደወል ስንጫነው አምፖል ቦግ ይላል። ባለሱቋን «ሁሉንም ንገሪልኝ፤ መጨረሻ ያደረግኋትም፣ ስም ያወጣሁላትም እኔ ነኝ» አልኳት። «ስሙንም?» አለችኝ። «ስሙንም» አልኩ። ስትነግራት እጇን እያየሁ የትኛው ምልክት የእኔ ነውር እንደሆነ እፈልግ ነበር። ሴትየዋ አልተቆጣችም፣ ፈገግም አላለች። በእጇ አንድ ነገር ጠየቀች። ባለሱቋ «ከእኔ ጋር መጨረሻ ላይ የነበሩት እነማን ናቸው? እነሱስ? ነው የምትለው» አለችኝ።

የሁሉንም ስም አውቃለሁ፣ የልጆቻቸውን ሳይቀር፤ ማታ ያንን መስመር ለምን እንደሚፈልጉት ግን አንዳቸውንም ጠይቄ አላውቅም።

ዛሬ ስደውልላቸው ዋልኩ። አንዱ «ምን አገባሽ?» ብሎ ዘጋብኝ። አንዷ «እውነትም ፊልም ነው የማየው፣ ነውር አለው እንዴ?» አለችኝ፤ የለውም አልኳት። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ ማታ በቪዲዮ የሚያስተምሩት ትምህርት እንዳለ ነገሩኝ፤ መስመሩ ሲቆም ተማሪዎቹ ሰልችተዋቸው የሚዘጉባቸው ይመስላቸው ነበር። አለቃችን ሥራሽ ስልክ ማንሳት እንጂ መደወል አይደለም ብሎ አኩርፎኛል። ያኩርፍ። ልብስ ሰፊዋ ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም፤ ምልክቱን ብታሳየኝ እንኳ ገና አልለየውም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህን ስታነቢላት ስም ያወጣሁበትን አትዝለዪባት፣ ልጇ የሠራችውን ትስማ። ጋሼን ከባድ ነገር አታንሳ ብላለች በይልኝ። ትልቁን ልጅሽን ግንባሩን፣ ትንሿን ሁለት ጉንጮቿን ሳሚያቸው። አንቺም ጉልበትሽን ለሐኪም አሳዪ፤ ዋሽተሽ እንዳትጽፊልኝ።

ታናሽሽ

ከዳቦ ቤቱ በላይ ካለችው ቢሮ
ግንቦት ፲፩ ቀን፣ ማክሰኞ