ስለ ውቧ ከተማችሁና ስለ ድልድዩ ብሎን

ለክቡር ከንቲባ፣

ክቡር ሆይ፣ እርስዎና ቤተሰብዎ እንደምን ከርማችኋል? ልጆችዎ በጤና ወጥተው በጤና እንዲገቡ ከልቤ እመኛለሁ። ጽሕፈት ብዙም ስለማይሆንልኝ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ይታገሡኝ።

የቱሪዝም ጽሕፈት ቤትዎ «ወደ ከተማችን የምትመላለሱበትን ምክንያት ጻፉልን» ብሎ በየማረፊያው በር ላይ መለጠፉን አየሁ። እኔም የማረፊያዋ ባለቤት ገና ከሩቅ ስታየኝ «እትዬ፣ የለመዱት ክፍል ተጠርጓል» የምትለኝ ደንበኛ ስለሆንኩ ዝም ማለት ነውር መሰለኝ።

አንደኛ፣ ከተማችሁ ታምራለች። ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። በየመስኮቱ አበባ አለ፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ቢጠይቃቸው ነዋሪዎቻችሁ ሥራቸውን ጥለው እስከ በሩ ያደርሱታል። ልጄ በመድኃኒት ቤታችሁ ተቀጥራ እንደመጣች «እማዬ፣ እዚህ ሰው ለማያውቀውም ይስቃል» ብላኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ወንዙን ለማየት እመጣለሁ። ባለፈው ዓመት ልጄ ከሥራ ስትመለስ የእግረኛ ድልድዩን መደገፊያ ተደግፋ ጫማዋ ውስጥ የገባ ጠጠር ስታራግፍ፣ መደገፊያው አብሯት ወንዝ ወረደ። መደገፊያውን በማግሥቱ አወጣችሁት፤ እሷን ለማግኘት ግን ትንሽ ቆያችሁ። ለቀብሯ የአበባ ጉንጉን ስለላካችሁ አመሰግናለሁ። የጉንጉኑ ሽቦ እንዴት ጠብቆ እንደታሰረ እስካሁን ይገርመኛል።

ሦስተኛ፣ ቀለሙ ይስበኛል። ወደ ቦታው የተመለሰው መደገፊያ በመጣሁ ቁጥር አዲስ ቀለም ለብሶ ይጠብቀኛል፤ አረንጓዴ ነበር፣ ሰማያዊ ሆነ፣ አሁን ደግሞ ቢጫ ነው። ሲነኩት ግን ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ይነቃነቃል። ቀለም ቀቢውን ሥራ ላይ አግኝቼው «ልጄ፣ ብሎኑስ?» ብለው፣ «እማማ፣ እኛ ቀለም ክፍል ነን። ብሎን የጥገና ነው፤ ጥገናዎች ደግሞ ቀለሙ ይበላሽብናል ብለው አይነኩትም» አለኝ። ከዚያም ለእንግዳ ዓይን እንዳያስጠላ ብሎ ባዶውን ቀዳዳ በስቱኮ ደፈነና የብሎን ራስ ሳለበት፤ ጥላ ሳይቀር አወጣለት። እጁ ይባረክ፣ ካልነኩት በቀር እውነተኛ ነው የሚመስለው።

ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም ልል ነበር፤ ዋናውን ረስቼው። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ልጆቹ እዚያው መደገፊያ ላይ ተደርድረው ዓሣ ያያሉ። «ዘወር በሉ» ስላቸው «ማዘር፣ ይልቅ ፎቶ አንሺን» ይሉኛል። ተሳስቀውብኝ ሲያበቁ ይሄዳሉ፤ እኔም የመጨረሻው ልጅ ድልድዩን እስኪሻገር ቆሜ እጠብቃለሁ። በማልመጣበት ቀን ማን እንደሚያባርራቸው እያሰብኩ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ፣ ደግሜ አውቶቡስ እሳፈራለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እንደ ሌላው እንግዳ ለአበባውና ለሰላምታው ብቻ እንድመጣ፣ እባክዎ የሚጠብቅ ብሎን ያስገቡልኝ።

የከተማችሁ ውበት አድናቂ፣
የቀለማችሁ የቅርብ ተከታታይ፣
የመድኃኒት ቤቷ ልጅ እናት

ከፈረምኩ በኋላ፦ በአዲሱ ፖስተር ላይ ከእንግዶች ጋር ድልድዩ ላይ የተነሱትን ፎቶ አሁን አየሁት። ሁሉም መደገፊያውን ተደግፈው ሲስቁ እርስዎ ብቻ እጅዎን ኪስዎ ከተው፣ ከመደገፊያው ፈንጠር ብለው ድልድዩ መሃል ላይ ቆመዋል። ይህን ሁሉ የጻፍኩት አያውቁም ብዬ ነበር፤ ስላደከምኩዎ ይቅርታ።