ልጃችን የውድድር መኪና ትነዳለች

የኔ ሰው፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ወደ አፈር ከሸኘንህ አምስተኛው ረመዳን አለፈ። መቃብርህ ዘንድ ስመጣ ሰላምታዬን አቅርቤ፣ ዱዓዬን አድርጌ እመለሳለሁ እንጂ ብዙ አላወራህም። ሰው ሰምቶኝ ከሙት ጋር ታወራለች እንዳይለኝ አፍራለሁ። ዛሬ ግን ወሬው በዛብኝና ሱቁን ቀደም ብዬ ዘግቼ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ቤቱ ደህና ነው። የሰፈራችን የዓይናለም ውሃ እንደምታውቀው ነው፤ ሲመጣ ያለውን ዕቃ ሁሉ እንሞላለን፣ ሲቀር እንጠብቃለን። የኋላውን ክፍል አሁንም ለተማሪ ነው የማከራየው። የዘንድሮዎቹ ከጅማ የመጡ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲው፣ ዓዲ ሓቂ ግቢ ይማራሉ። ትግርኛ እንድንለማመድ ብለው እኔን ይዘውኛል። የኔን የወሎ ትግርኛ ከለመዱ ገበያ ላይ ማን እንደሚሰማቸው እንጃ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሐያት የውድድር መኪና ትነዳለች። ጌሙን ማለቴ አይደለም። እውነተኛውን፣ ጎማው የሚጨሰውን፣ ሄልሜት አድርገው የሚገቡበትን ማለቴ ነው። ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ ማን አስተማራት ትላለህ። እኔም ይሄው ራሴን እንደጠየቅሁ ነው። በአንተም በኔም ዘር መሪ የጨበጠ ሰው የለም። አንተ አናጺ፣ እኔ ጨርቅ ሻጭ። ከደሴ እዚህ የመጣነውም በሰው የጭነት መኪና ላይ ተቀምጠን ነው።

ያ ከሐዋሳ የመጣው ተከራያችን ትዝ ይልሃል፤ ኮምፒውተር ያጠና የነበረው። ተመርቆ ሲሄድ የጌም መሪውንና ፔዳሎቹን ለሐያት ትቶላት ሄደ። ልጅቷ መሪውን የምግብ ጠረጴዛ ላይ አስራ ስትታገል አየሃትና «እንዲህማ አይሆንም» አልክ። ከአልጋ ትራፊ እንጨት መቆሚያ ሠራህላት፤ ከተጣለ ሚኒባስ ወንበር አምጥተህ ገጠምክበት። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስትገባ ሰጋቱራው ከላይህ ሳይራገፍ ከኋላዋ ሄደህ ትቆማለህ። እሷ ወደ ግራ ስትታጠፍ አንተም ወደ ግራ ትጋደላለህ፤ ግድግዳ ልትመታ ስትል እግርህ ወለሉን ይረግጣል። አንድ ቀን «ይሄ ከፊትሽ ያለው ሰው ነው ወይስ ማሽኑ?» ብለህ ጠየቅሃት። «ሰው ነው አቦይ። ፖርቱጋል የሚኖር ልጅ ነው» አለችህ። «አሁን? ቤቱ ተቀምጦ?» «አዎ፣ ቤቱ ተቀምጦ።» ያን ቀን እራት ላይ ሌላ ወሬ አልነበረህም። እሱ ቤት ውስጥስ አባቱ ከኋላው ይቆም ይሆን እያልክ ነው ያመሸኸው።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ስልኩም ኢንተርኔቱም ተዘጋ፤ መብራቱ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይከርማል። የስኳርህ መድኃኒት ከከተማው ጠፋ። እሱን አንተው ታውቀዋለህ፤ አልደግመውም። እኔ የምነግርህ የማታውቀውን ነው።

ከቀብርህ በኋላ ሐያት ወንበሩ አጠገብ ሳትደርስ ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከሱቅ ስገባ መብራት መጥቷል፣ የሞተሩም ድምፅ ይሰማል። ገብቼ ባይ ከሷ መኪና ፊት ሌላ መኪና ይሮጣል፤ እንደ መስታወት ውስጡን አሳልፎ ያሳያል። ኢንተርኔት በሌለበት አገር ከማን ጋር ትሽቀዳደማለች ብዬ ገረመኝ። ጠየቅኋት። «ከራሴ ጋር ነው አደይ። ማሽኑ ድሮ የነዳሁትን ዙር ይዞት ነበር። ያቺ የድሮዋ እኔ ነኝ» አለችኝ። «ታዲያ ማንኛችሁ ታሸንፋለች?» «የድሮዋ» አለች፤ ሳቅም አላለች። መብራት በመጣ ቁጥር ትቀመጣለች። ቀስ እያለ የአሁኗ ማሸነፍ ጀመረች።

ኢንተርኔቱ የተለቀቀ ዕለት ስልኳ ሲጮህ ዋለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አብረዋት ይወዳደሩ የነበሩት ልጆች ሞታለች ብለው ደምድመው ኖሯል። ፖርቱጋል ያለው ልጅ በጌሙ መኪናው በር ላይ ስሟን ጽፎ ይነዳ ነበር። አስበው፣ ፊቷን አይቶ አያውቅም! ሐያት «አለሁ» ብላ ጻፈችላቸው፣ ጽፋም ስታለቅስ አመሸች። በሳምንቱ አብረው ተወዳደሩና ሁሉንም ጥላቸው ሄደች። እንዴት እንዲህ ፈጠንሽ አሏት። እኔም ጠየቅኋት። «ያን ሁሉ ጊዜ ከራሴ ሌላ የምቀድመው ሰው አልነበረኝም» አለችኝ።

ከዚያ ደቡብ አፍሪካ ያለ አንድ የውድድር ቡድን በጌም አወዳድሮ፣ ጎበዞቹን እውነተኛ መኪና ላይ አስቀምጦ እንደሚሞክር ሰማች። ገባችበት። ከብዙ ሰው መሃል ሦስት ቀሩ፣ አንዷ የኛዋ ናት። «አንቺ እኮ መኪና ነድተሽ አታውቂም፤ ነግረሻቸዋል?» አልኳት። ነግራቸዋለች። ለውድድር ሜዳ የሚሆነውን ፈቃድ እነሱው አሠልጥነው እንደሚሰጡ ነገሯት። እና ሄደች።

የመጀመሪያውን ቀን ነድታ እንደወረደች ደወለችልኝ። «አደይ፣ ይሸታል!» አለች። «ምኑ?» «ሁሉም! ጎማው፣ ቤንዚኑ፣ የሄልሜቱ ውስጥ። ጌሙ ላይ ሽታ የለም። ፍሬን ስይዝ ደግሞ አንድ ሰው ከኋላ አንገቴን የሚገፋኝ ይመስላል።» መንገዱ አልጠፋሽም ወይ አልኳት። እንዴት ይጠፋታል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሜዳ ከእውነተኛው ተለክቶ የተሠራ ነው አሉ፣ ጉብታው ሳይቀር። እግሯ ያልረገጠውን አገር እዚህ ቤት ተቀምጣ በቃሏ ይዛዋለች። አንድ ነገር ብቻ አሳስቷታል። ፍሬን የምትይዝበትን ቦታ የምታውቀው በአንድ ዛፍ ነበር፤ ስትደርስ ዛፉ ተቆርጧል። ይሄን ብትሰማ ጥያቄህ በሳምንትም እንደማያልቅ እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ወሰዷት። አንድ ዓመት ከነሱ ጋር ተወዳደረች፤ አንዴም ሁለተኛ ወጣች። በሁለተኛው ዓመት ግን በዝናብ መኪናው ተንሸራቶ ግንብ መታ።

ስልኩ የመጣልኝ ሱቅ ውስጥ ነው። አደጋ የሚለውን ቃል ስሰማ ስልኩን ጥዬ መጮህ ጀመርኩ። ለተብርሃን፣ ያቺ ጎረቤታችን፣ ጨርቅ ልትገዛ መጥታ ነበርና ስልኩን አንስታ ሰማች። «አጆኺ ሓፍተይ፤ የምታወራሽ እኮ ራሷ ናት፣ ስሚያት እንጂ!» አለችኝ። እውነትም ሐያት ራሷ ነበረች። የእጇ አንጓ ተሰብሯል፣ ሌላው ደህና ነው።

እጇን በጄሶ አስራ መጣች። ሌላው ደህና አልነበረም። ጄሶው ወለቀ፤ እሷ ግን ወንበሩ ላይ አትቀመጥም፣ ቡድኑ ሲደውል አታነሳም። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ማወቅ ያለብኝን ሳላውቅ እንቅልፍ የለኝም። ምን ነበር ይሄ ነገር? ልጄ ውስጡ ምን ታያለች? አንድ ቀን ከሰዓት ነጠላዬን አጣፍቼ ወንበሩ ላይ ወጣሁና «በይ ክፈችልኝ» አልኳት። ከፈተችልኝ። ቢስሚላህ ብዬ ነዳጁን ረገጥኩ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መኪናው ተገለበጠ፤ እኔ ደግሞ መሪውን ለቅቄ ዓይኔን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። ሐያት እስክትንበረከክ ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ገና ያን ቀን ነው።

ከዚያ እጇን በትከሻዬ ላይ አሳልፋ መሪው ላይ ያለች ትንሽ ቁልፍ ተጫነች። መኪናው ምንም እንዳልሆነ ተመልሶ መነሻው ላይ ቆመ። ሳቋ ቆመ። «አደይ፣ ያን ቀን ግንቡን ከመታሁ በኋላ ምን ሳደርግ እንደነበር ታውቂያለሽ? በአውራ ጣቴ ይቺን ቁልፍ ስፈልግ ነበር» አለችኝ። የእውነተኛው መኪና መሪ ላይ ግን ይቺ ቁልፍ የለችም። ሊያወጧት ሲመጡም ጣቷ እየፈለገ ነበር።

የሚመከር ነገር አላውቅም፤ ስለዚህ ጠየቅኋት። ፍርሃቱ የቱ ጋ ነው የሚጀምርሽ? ኩርባው ላይ ነው ወይስ ከዚያ በፊት? እጅሽን ነው የሚይዝሽ ወይስ ሆድሽን? መጀመሪያ ተቆጣች፣ በኋላ አሰበችበት። «ከኩርባው በፊት ነው፣ ፍሬን ከመያዜ በፊት። ድሮ እዚያ ቦታ ላይ ምንም አይሰማኝም ነበር» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀስ ብላ ትነዳለች፣ እኔ በርጩማ ላይ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ሲጀምራት «አሁን» ትለኛለች።

አንድ ጠዋት ተነስታ እንደ ማንኛውም ሰው መንዳት ልማር አለችና የከተማ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ገባች። ይሄንን አንተ ማየት ነበረብህ። አስተማሪው ማን እንደሆነች አያውቅም። በእንዳ ኢየሱስ ዳገት፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በእግሩ በሚጎርፍበት ሰዓት «ጓለይ፣ አንቺ ልጅ፣ ቀስ በይ! ማን አሳደደሽ?» እያለ ይጮህባታል። ፈተናው ላይ ወደ ኋላ ሄዶ ማቆም አቃታትና ወደቀች። «ውድድር ላይ ወደ ኋላ የሚሄድ የለማ!» እያለች ተነጫነጨች። በሁለተኛው አለፈች። ያን ቀን እየበላን እንዲህ አለችኝ፤ «ዳገቱ ላይ ሰው ሲሻገር እፈራለሁ፤ ስለምፈራም ፍሬን በጊዜ እይዛለሁ። ፍርሃት እያለ መንዳት ይቻላል ለካ።» ለቡድኑም ራሷ ደወለችላቸው፤ ተመልሳም ሄደች።

ባለፈው እሁድ ውድድሯን በስልክ አየነው፤ እኔ፣ ለተብርሃንና የጅማዎቹ ልጆች ሱቅ ውስጥ ተጠጋግተን። ዝናብ ነበር። የሚያስተላልፈው ሰውዬ የሚለፈልፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ አንደኛዋ ልጅ እየተከተለች ትተረጉምልኛለች። አንዱን ቃል ግን እኔው ሰማሁት። «ኤንድሪስ» አለ። ጆሮዬ ነው አልኩ። ደገመው። ለካ እነሱ ሰውን የሚጠሩት በአባቱ ስም ነው። «ኤንድሪስ ወደ ውስጥ ገባች ነው የሚለው፤ ኤንድሪስ አለፈችው!» አለችኝ ልጅቷ።

እንድሪስ፣ ከሞትክ ወዲህ ከስምህ ፊት «መርሑም» ሳይል፣ ከሙታን ሳይቆጥርህ ስምህን የጠራ ሰው አልሰማሁም። እኔም ብሆን አልጠራሁትም። ያ ሰውዬ ግን መሞትህን አያውቅም። በሕይወት እንዳለ ሰው ይጠራሃል፣ ይጮህብሃል፣ ስትዘገይ ይጨነቅልሃል፣ ስትቀድም ከወንበሩ ይነሳልሃል። አራተኛ ወጣች። ለተብርሃን እልል አለች፤ እኔ አለቀስኩ፣ እነሱም ስለ አራተኛነቱ መሰላቸው።

በዱዓዬ እንደ ወጉ መርሑም እልሃለሁ። በቤቴና በሱቄ ግን ከእንግዲህ ስምህን እንደ ድሮው፣ እንዳለ እጠራዋለሁ። የማን ልጅ ናት ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ ይሰማዋል፦ የእንድሪስ።

ያንተው ከድጃ